ከቦስማን 20 ዓመት ቀድሞ የከሰሰው ተጫዋች

የዝውውር ወቅት በደረሰ ቁጥር ከደጋፊው አፍ የማይጠፋ አንድ ቃል አለ፡፡ "ነፃ ዝውውር"፡፡ እገሌ ኮንትራቱን ጨርሷል፣ በነፃ ሊለቅ ነው፣ ክለቡ አምስት ሳንቲም አያገኝበትም... ወሬው ይሄ ነው፡፡ ምስጋናው ሁልጊዜ የሚሄደው ደግሞ ወደ ቤልጂየማዊው ዣን ማርክ ቦስማን ነው፡፡ እ.ኤ.አ ዲሴምበር 15 ቀን 1995 ሉክዘምበርግ የተቀመጠው የአውሮፓ ፍርድ ቤት፣ ኮንትራቱን የጨረሰ ተጫዋች ወደ ሌላ የአውሮፓ ህብረት ሀገር ሲዛወር የቀድሞ ክለቡ የዝውውር ሂሳብ መጠየቅ አይችልም ብሎ የፈረደው በሱ ክስ ነውና፡፡

ቦስማን ክሱን የጀመረው በ1990 ነው፡፡ ከዚያ 20 ዓመት ቀደም ብሎ ግን አሜሪካ ውስጥ አንድ ተጫዋች ተመሳሳይ ጥያቄ ይዞ ፍርድ ቤት ቆሞ ነበር፡፡ ቦስማን አሸነፈ፤ ይሄኛው ተሸነፈ፡፡ ሆኖም ግን የሀገሩ ተጫዋቾች ዛሬ የሚያፍሱት ሚሊዮን ዶላር ታሪኩ ሲነገር የሚጀምረው ከሱ ሽንፈት ነው፡፡ ስሙ ከርት ፍለድ ይባላል፡፡ ስፖርቱ ቤዝቦል ነው፡፡

"ቤዝቦል ለኛ ምናችን ነው?" የሚል አንባቢ ትንሽ ይታገስ፡፡ ነገሩ ስለ ዱላና ስለ ጓንት አይደለም፡፡ ስለ ፊርማ ነው፡፡ (በዚህ ፅሁፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፡፡)

የጠዋቱ ስልክ

ፍለድ ተራ ተጫዋች አልነበረም፡፡ በ1938 ሂዩስተን ተወልዶ ኦክላንድ ያደገው ይህ ጥቁር አሜሪካዊ፣ ለሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ 12 የውድድር ዘመናት ተሰልፏል፡፡ የሜዳውን የኋላ መሃል ይዞ፣ ተመትታ የምትከንፈውን ኳስ መሬት ሳትነካ ሮጦ መያዝ የሱ ስራ ነው፡፡ በዚህም ከ1963 እስከ 1969 ባሉት ሰባት ተከታታይ ዓመታት "የወርቅ ጓንት" የተባለውን ሽልማት ወስዷል፡፡ ከቡድኑ ጋር በ1964 እና በ1967 ሻምፒዮን ሆኗል፤ አምበልም ነበር፡፡ በ1969 የሚከፈለው 90 ሺህ ዶላር በጊዜው የትልቅ ኮከብ ደመወዝ ነው፡፡

ኦክቶበር 1969 ስልክ ተደወለለት፡፡ መልዕክቱ አጭር ነበር፡፡ "ለፊላደልፊያ ተሰጥተሃል"፡፡ ክለቡ እሱንና ሶስት ጓደኞቹን ሰጥቶ ዲክ አለን የተባለውን ኃይለኛ መቺና ሌሎች ሁለት ተጫዋቾችን ተቀብሏል፡፡ ማንም አላማከረውም፡፡ ቤቱ፣ ንግዱ፣ ወዳጆቹ ሁሉ ያሉት ሴንት ሉዊስ ነው፡፡ ፊላደልፊያ ደግሞ የወራጅ ያህል ደካማ ቡድን ያላት፣ ደጋፊዋም ለጥቁር ተጫዋች ፊቱን ያጠቁራል የሚባልባት ከተማ ነበረች፡፡

በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ዜና የሰማ ተጫዋች ምርጫው ሁለት ነው፡፡ ወይ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል፤ ወይ ጫማውን ይሰቅላል፡፡ ፍለድ ሶስተኛ መንገድ ፈለገ፡፡

አንዴ ከፈረምክ ፈረምክ

የተጫዋቹን እጅ የጠፈረው በእያንዳንዱ ኮንትራት ውስጥ የተቀመጠ አንድ አንቀፅ ነው፡፡ አሜሪካኖቹ "ሪዘርቭ ክሎዝ" ይሉታል፤ "የማቆያ አንቀፅ" ልንለው እንችላለን፡፡ አሰራሩ ቀላል ይመስላል፡፡ ተጫዋቹ ለአንድ ዓመት ይፈርማል፡፡ ዓመቱ ሲያልቅ ባይስማማ እንኳ ክለቡ በራሱ ፈቃድ ኮንትራቱን ለአንድ ተጨማሪ ዓመት ማደስ ይችላል፡፡ የክለቦቹ ትርጓሜ እዚህ ላይ ነው ጉዱ፡፡ የታደሰው ኮንትራት ውስጥ ይኸው የማደስ መብት አብሮ ይታደሳል፤ ስለዚህ በሚቀጥለው ዓመትም ይታደሳል፣ ከዚያም ይታደሳል...፡፡ በወጣትነቱ አንዴ የፈረመ ልጅ እስኪያረጅ የክለቡ ነው፡፡ ክለቡ ግን ሲፈልግ ይሸጠዋል፣ ይለውጠዋል፣ ያባርረዋል፡፡

የእንግሊዝ ኳስ ተከታታይ ይህን ሲሰማ ጆርጅ ኢስትሃምን ያስታውስ ይሆናል፡፡ ኒውካስል አልለቅህም ብሎት በመጨረሻ አርሰናል የገባው ኢስትሃም ነገሩን ፍርድ ቤት አድርሶ በ1963 የእንግሊዝ ዳኛ የክለቦቹን የማቆየት አሰራር ተገቢ ያልሆነ እገዳ ነው ብለውለታል፡፡ አሜሪካ ግን በ1969ም አሰራሩ እንዳለ ነበር፡፡

"ቤዝቦል ንግድ አይደለም"

ለመሆኑ የነፃ ገበያ ሀገር በምትባለው አሜሪካ ይህ እንዴት ተፈቀደ? መልሱ ከሀገሪቱ የፍርድ ታሪክ አስገራሚ ውሳኔዎች አንዱ ነው፡፡

አሜሪካ ከ1890 ጀምሮ ሸርማን አክት የሚባል ሕግ አላት፡፡ ነጋዴዎች ተመሳጥረው ገበያውን እንዳይዙት፣ ዋጋና ደመወዝ እንዳይወስኑ የሚከለክል የፀረ ሞኖፖል ሕግ ነው፡፡ ቅጣቱም ከበድ ይላል፡፡ ተጎጂው ያረጋገጠው ጉዳት በሶስት ተባዝቶ ይከፈለዋል፡፡ ሕጉ የሚሰራው ግን "በክፍለ ግዛቶች መካከል በሚደረግ ንግድ" ላይ ነው፡፡

ሁለቱን ትላልቅ ሊጎች ሊገዳደር የተነሳ ሶስተኛ ሊግ በ1915 ሲፈርስ፣ ከእርቁ ውጪ የቀረው የባልቲሞር ክለብ በዚህ ሕግ ከሰሰ፡፡ የመጀመሪያው ችሎት 80 ሺህ ዶላር ጉዳት ደርሶበታል አለ፤ በሶስት ሲባዛ 240 ሺህ፡፡ ይግባኝ ሰሚው ሻረው፡፡ ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በ1922 ዳኛ ኦሊቨር ዌንደል ሆምስ የሁሉንም ዳኞች ውሳኔ ፃፉ፡፡ ጨዋታ የሚካሄደው እዚያው ስታዲየሙ ያለበት ክፍለ ግዛት ውስጥ ነው፤ ተጫዋቾቹ ድንበር አቋርጠው በባቡር መምጣታቸው ለጨዋታው ሲባል የተደረገ ትርፍ ነገር ነው፤ ስለዚህ ቤዝቦል ሕጉ የሚመለከተው ንግድ አይደለም አሉ፡፡ በቃ! ትኬት የሚሸጠው፣ ተጫዋች የሚገዛው ሊግ ከፀረ ሞኖፖል ሕግ ውጪ ሆነ፡፡

በአሜሪካ ደግሞ አንድ ጊዜ የተፈረደ ፍርድ ለሚቀጥለው ጉዳይ መመሪያ ነው፡፡ ዘመኑ ተቀይሮ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ከመጡ በኋላ ቱልሰን የተባለ በኒውዮርክ ያንኪስ ስር የነበረ የታችኛው ሊግ ተጫዋች በ1953 ሲከስ ፍርድ ቤቱ "ኮንግረሱ 30 ዓመት ዝም ብሎ አይቶታል፤ መለወጥ ካለበት ኮንግረሱ ይለውጠው" አለው፡፡ ኳሷን ለኮንግረሱ አቀበለ ማለት ነው፡፡ ኮንግረሱም አልነካትም፡፡

ይህ ነፃነት ለሁሉም ስፖርት ቢሆን ኖሮ አንድ ነገር ነው፡፡ በ1955 ቦክስ ሲቀርብ ሕጉ ይመለከትሃል ተባለ፡፡ በ1957 ሞላላዋን ኳስ የሚጫወቱት ቀረቡ፤ እናንተንም ይመለከታችኋል ተባሉ፡፡ ያኔ ፍርድ ቤቱ ራሱ አሰራሩ እርስ በርሱ የሚጋጭ መባሉን አልካደም፡፡ በ1971 ቅርጫት ኳስም ያው ሆነ፡፡ ቤዝቦል ብቻውን ቀረ፡፡

የሚለር ማስጠንቀቂያ

ፍለድ ይህን ሁሉ ነው ሊጋፈጥ የተነሳው፡፡ መጀመሪያ የሄደው ወደ ተጫዋቾች ማህበር መሪ ማርቪን ሚለር ነው፡፡ ሚለር ከብረታ ብረት ሰራተኞች ማህበር የመጣ፣ ድርድር ያበሰለው ሰው ነው፡፡ አላባበለውም፡፡ የማሸነፍ ዕድልህ የመነመነ ነው፤ ብታሸንፍ እንኳ አንተ አትጠቀምም፤ ከዚህ በኋላ አሰልጣኝም ሆነ ሌላ ስራ የሚሰጥህ ክለብ አይኖርም አለው፡፡ ፍለድ ሌሎቹ ይጠቀማሉ ወይ ብሎ ጠየቀ፡፡ አዎ ተባለ፡፡ እንግዲያው ይበቃኛል አለ፡፡

ዲሴምበር 24 ቀን 1969 ለሊጉ ኮሚሽነር ለቦዊ ኩን ደብዳቤ ፃፈ፡፡ ከ12 ዓመት አገልግሎት በኋላ ፍላጎቴ ሳይጠየቅ የምሸጥና የምገዛ ዕቃ ነኝ ብዬ አላምንም አለ፤ የሌሎች ክለቦችን ጥያቄም ማየት እፈልጋለሁ ሲል ጨመረ፡፡ ኩን በጨዋ ቋንቋ መለሱለት፡፡ ሰው ዕቃ አለመሆኑን እስማማለሁ፤ ነገር ግን ይህ ካንተ ጉዳይ ጋር ምን እንደሚያገናኘው አይታየኝም የሚል ነበር የመልሳቸው ፍሬ ነገር፡፡

በጃንዋሪ 1970 ክሱ ኒውዮርክ ተከፈተ፡፡ በዚያው ወር በቴሌቪዥን ቀርቦ 90 ሺህ ዶላር እየተከፈለህ ምን አማረረህ ሲባል የሰጠው መልስ አሜሪካን አነጋገረ፡፡ "ደህና የሚከፈለው ባሪያም ቢሆን ያው ባሪያ ነው" አለ፡፡ ብዙ ደጋፊ ተቆጣ፡፡ ወር ጠብቆ ትንሽ ደመወዝ ለሚቀበል ሰው የ90 ሺህ ዶላር ባሪያ አልዋጥ አለው፡፡ ያደገው በዘር መድልዎ ዘመን መሆኑን፣ በታችኛው ሊግ ሲጀምር ደቡብ ውስጥ ነጭ ጓደኞቹ በሚበሉበት ሆቴል መብላት እንዳልቻለ ያወቀ ግን ንግግሩ ከየት እንደመጣ ገብቶታል፡፡

ባዶዎቹ ወንበሮች

ችሎቱ በ1970 ግንቦትና ሰኔ ተሰማ፡፡ ለፍለድ ሊመሰክሩ ከመጡት አንዱ ጃኪ ሮቢንሰን ነበር፡፡ በ1947 ለጥቁሮች ዝግ የነበረውን የሊጉን በር የከፈተው ሮቢንሰን፣ ጤናው ተጓድሎ እንኳ አልቀረም፡፡ የቀድሞው ኮከብ ሃንክ ግሪንበርግም መጣ፡፡ በወቅቱ ሜዳ ላይ ከነበሩት ተጫዋቾች ግን አንድም ሰው ብቅ አላለም፡፡ ማህበራቸው የጠበቃውን ወጪ ሸፍኗል፤ በልባቸውም ከሱ ጋር ነበሩ፡፡ ነገር ግን ነገ የሚያሰልፋቸው ያው ክለቡ ነው፡፡ ማን እንጀራውን ይገፋል?

የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ፈረደበት፡፡ ይግባኝ ሰሚውም አፀናው፡፡ ሁለቱም ያሉት አንድ ነው፤ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ውሳኔ እኛ መሻር አንችልም፡፡

ፍለድ በዚህ መሃል የ1970ን ውድድር ሙሉ በሙሉ አልተጫወተም፡፡ ገንዘቡ አለቀ፣ ንግዱ ተዳከመ፡፡ በ1971 ዋሽንግተን ሴናተርስ በ110 ሺህ ዶላር አስፈረመው፡፡ ግን የሚያውቁት ፍለድ አልነበረም፡፡ ከ13 ጨዋታ በኋላ ለክለቡ ባለቤት ቴሌግራም ልኮ አውሮፕላን ተሳፈረ፡፡ ስፔን፣ ማዮርካ ደሴት ላይ መጠጥ ቤት ከፈተ፡፡ ከመጠጥ ጋርም ለዓመታት ታገለ፡፡ 33 ዓመቱ ነበር፡፡

88 ስሞች

ዋናው ክርክር በማርች 1972 ዋሽንግተን ተደረገ፡፡ ለፍለድ የቆሙት አርተር ጎልድበርግ ናቸው፤ ራሳቸው የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ የነበሩ፡፡ በቀድሞ ባልደረቦቻቸው ፊት ያቀረቡት ክርክር ግን ከተጠበቀው በታች ሆነ፡፡ ከዘጠኙ ዳኞች አንዱ ሉዊስ ፓውል ከጉዳዩ ራሳቸውን አገለሉ፡፡ ምክንያታቸው የካርዲናልስ ባለቤት የሆነው የቢራ ኩባንያ አክሲዮን ስላላቸው ነው፡፡ ስምንት ቀሩ፡፡

ጁን 19 ቀን 1972 ውጤቱ ተነገረ፡፡ 5 ለ 3፡፡ ፍለድ ተሸነፈ፡፡

ውሳኔውን የፃፉት ዳኛ ሃሪ ብላክመን የቤዝቦል ፍቅር ያለባቸው ሰው ናቸው፡፡ ፅሁፉን የጀመሩት በጨዋታው ታሪክ ነው፡፡ ከዚያም ታይ ኮብ፣ ቤብ ሩት... እያሉ 88 የቀድሞ ተጫዋቾችን ስም ደረደሩ! ከፈረዱላቸው ዳኞች ሁለቱ ይህን ክፍል አንፈርምበትም አሉ፡፡ ስለ ሕጉ ሲመጡ ደግሞ ብላክመን ያመኑት ነገር ያስደነግጣል፡፡ ቤዝቦል ንግድ ነው፤ ከሕጉ ውጪ መሆኑም ከሌሎቹ ስፖርቶች ጋር ሲተያይ እንግዳ ነገር ነው አሉ፡፡ እና? ለ50 ዓመት የቆየ ስለሆነ ማስተካከል ያለበት ኮንግረሱ ነው፡፡ ፍርድ ቤቱ ስህተቱን አየ፣ ስህተት መሆኑንም ተናገረ፣ ከዚያ እንዳለ ተወው፡፡

የተቃወሙት ዳኞች ሃሳብ ከውሳኔው ይልቅ ይነበባል፡፡ ዊልያም ዳግላስ በ1953 ከብዙሃኑ ጋር ድምፅ ሰጥተው ነበር፡፡ አሁን በዚያ ውሳኔ መፀፀታቸውንና ስህተቱን ማረም እንደሚፈልጉ በግልፅ ፃፉ፡፡ የፍርድ ቤቱ የመጀመሪያ ጥቁር ዳኛ ተርጉድ ማርሻል ደግሞ ስፖርተኛ ላልሆነ ሰው የፍለድ ሁኔታ ከባርነት የማይተናነስ ሊመስል እንደሚችል ገለፁ፤ ስህተቱን የሰራው ፍርድ ቤቱ ስለሆነ ማረም ያለበትም ፍርድ ቤቱ ነው አሉ፡፡ ሶስት ድምፅ ግን ሶስት ነው፡፡

አንዱ ዘራ፣ ሌላው አጨደ

የክለብ ባለቤቶቹ አሸንፈው የጨረሱ መስሏቸው ነበር፡፡ አልጨረሱም፡፡ ክርክሩ የማቆያ አንቀፁን ነገር በጋዜጣ፣ በቴሌቪዥን፣ በየቤቱ አውጥቶታል፡፡ "ይህ በድርድር የሚፈታ ነው" ሲሉ የነበሩትም ራሳቸው ባለቤቶቹ ናቸው፡፡ ማርቪን ሚለር እሺ እንደራደር አለ፡፡

በ1973 አዲስ ደንብ መጣ፡፡ 10 ዓመት የተጫወተ፣ የመጨረሻዎቹን 5 ዓመታት በአንድ ክለብ ያሳለፈ ተጫዋች ካልፈቀደ አይሸጥም፡፡ ደንቡ በ1969 ኖሮ ቢሆን ፍለድ "አልሄድም" ብሎ ስልኩን መዝጋት ይችል ነበር፡፡ ብዙዎች እስከ ዛሬ በሱ ስም ይጠሩታል፡፡

ትልቁ ጎል የገባው ግን ዲሴምበር 23 ቀን 1975 ነው፡፡ አንዲ መሰርስሚዝ እና ዴቭ ማክናሊ የተባሉ ሁለት ተጫዋቾች አዲስ ኮንትራት ሳይፈርሙ ዓመቱን ካሳለፉ በኋላ ጉዳያቸውን ወደ ገላጋይ ዳኛ ወሰዱ፡፡ ገላጋዩ ፒተር ሳይትስ ያንን ታዋቂ አንቀፅ አነበቡት፡፡ "ለአንድ ዓመት ማደስ ይችላል" ይላል፡፡ አንድ ዓመት ማለት አንድ ዓመት ነው አሉ! ዓመቱ ካለቀ ተጫዋቹ ነፃ ነው፡፡ ክለቦቹ ሳይትስን ወዲያው ከስራ አሰናበቱ፤ ፍርድ ቤት ሄደውም ሊያሽሩት ሞከሩ፤ አልቻሉም፡፡ የ1922ቱ ውሳኔ ሳይነካ፣ ኮንግረሱም ሳይነሳ፣ መቶ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ሰንሰለት በአንድ ዓረፍተ ነገር ንባብ ተበጠሰ፡፡

ገንዘቡ ተከተለ፡፡ በ1976 የአንድ ተጫዋች አማካይ የዓመት ደመወዝ 51 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር፡፡ በ1980 ከ143 ሺህ አለፈ፡፡ ከዚያ በኋላማ የሚሊዮን ጨዋታ ሆነ፡፡ ፍለድ ከዚህ አንድ ዶላር አልደረሰውም፡፡

የእግር ኳሱስ?

የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋቾችም ዕድላቸውን ሞክረዋል፡፡ በ1996 ውድድር የጀመረው ሜጀር ሊግ ሶከር ከአውሮፓ የተለየ አሰራር አለው፡፡ ተጫዋቹ የሚፈርመው ከሊጉ ጋር እንጂ ከክለቡ ጋር አይደለም፡፡ ሊጉ አንድ ድርጅት ሆኖ ስለተቋቋመ ክለቦቹ ያኔ ለተጫዋች እርስ በርስ በዋጋ አይፎካከሩም ነበር፡፡ በ1997 ተጫዋቾች "ይህ ደመወዛችንን ለመያዝ የተደረገ ምስጠራ ነው" ብለው በፀረ ሞኖፖል ሕጉ ከሰሱ፡፡ እግር ኳስ እንደ ቤዝቦል ከሕጉ ውጪ ስላልሆነ ክርክሩ ተሰማላቸው፡፡ የቦስተን ችሎት ግን በ2000 ፈረደባቸው፤ ይግባኙም በ2002 ውድቅ ሆነ፡፡ ችሎቱን ያላሳመነው አንድ ነጥብ ነበር፤ የተጫዋቹ ገበያ አሜሪካ ብቻ ናት የሚለው፡፡

ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው፡፡ ኳስ ተጫዋች እንግሊዝም፣ ሜክሲኮም፣ ቤልጂየምም አለለት፡፡ ፍለድ የት ይሂድ? በዚያ ዘመን ትልቁ ቤዝቦል ያለው በ24 ክለቦች እጅ ነው፤ 24ቱም አንድ አንቀፅ ፈርመዋል፡፡

በመጨረሻ የመጣው ሕግ

ከርት ፍለድ ጃንዋሪ 20 ቀን 1997 በጉሮሮ ካንሰር አረፈ፡፡ 59 ዓመት ከሞላው ገና ሁለት ቀኑ ነበር፡፡ ኮንግረሱ የተቀበላትን ኳስ የመታት ከዚያ በኋላ ነው፡፡ ኦክቶበር 1998 ፕሬዝዳንት ክሊንተን "የከርት ፍለድ ሕግ" የተባለውን ፈረሙ፡፡ በትልቁ ሊግ የሚጫወቱ የቤዝቦል ተጫዋቾች እንደ ሌሎቹ ስፖርተኞች በፀረ ሞኖፖል ሕጉ መክሰስ ይችላሉ ይላል፡፡ የታችኛው ሊግ ጉዳይና ክለብን ከከተማ ወደ ከተማ የማዛወር ነገር ግን ከሕጉ ውጪ ተትቷል፡፡ የ1922ቱ ውሳኔ እስከ ዛሬ በይፋ አልተሻረም፡፡

ቤዝቦል የታላላቆቹን ስም የሚያሰፍርበት የክብር አዳራሽ አለው፤ ኩፐርስታውን በምትባል ከተማ፡፡ "አይታየኝም" ብለው ደብዳቤውን የመለሱት ኮሚሽነር ቦዊ ኩን በ2008 ገብተውበታል፡፡ "ሁሉን ነገር ታጣለህ" ብሎ ያስጠነቀቀው ማርቪን ሚለር በ2019 ተመርጧል፡፡ በሱ የተለወጠው ዲክ አለንም በ2024 ተመርጦ በ2025 ስሙ ሰፍሯል፡፡

በዚያ በ1969 ስልኩን ያነሳው ሰው ግን እስከ 2025 ስሙ አልተጠራም፡፡